ሊጡ ሳይቦካ

በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የማይቀቀልበት የክርስቲያን ቤት በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ባቄላው ይከካል፣ ስንዴው ይፈተጋል፣ ሽንብራ ያለው ሽንብራ ይጨምርበታል፤ ሁሉም ባንድ ድስት ገብቶ ይንፈቀፈቃል። ጨዉ እንደ ወትሮው አይደለም፣ ይበዛበታል። ለምን ተብለው ሲጠየቁ የደብሩ ቄስ ሁለት ነገር ይናገራሉ። ጨው መብዛቱ የጌታን ሕማምና ጥማት ለማሰብ ነው፤ ንፍሮ መሆኑ ደግሞ እስራኤል ከግብፅ በወጡባት ሌሊት አቡክተው፣ እስኪቦካ ጠብቀው የሚጋግሩበት ጊዜ ስላልነበራቸው፣ ንፍሮና ያልቦካ ቂጣ በልተው መንገድ መግባታቸውን ለማስታወስ ነው። ሐሙሱ በቤተ ክርስቲያን ካሉት ስሞች አንዱም የነጻነት ሐሙስ ነው።

መልሱን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ሰምተንም አልፈነዋል። ቅዳሜ ሌሊት የሚጠብቀን ዶሮ ይመስለኛል ያሳለፈን። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሆድ ስለ ንፍሮ ትርጉም አይመራመርም። እኔ ግን እዚያው ንፍሮው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ነጻ የወጣ ሕዝብ ነጻነቱን የሚያስብበት ማዕድ የጥጋብ ማዕድ ሊሆን ይገባ ነበር፤ ፍሪዳ ይወድቃል፣ ጠጅ ይጣላል። ፋሲካ ግን ከሁሉ ቀድማ የምታቀርበው የቸኮለ ሰው ምግብ ነው። ለምን?

የቸኮለ ሊጥ ምን እንደሚጎድለው የጋይንት እናት ጠንቅቃ ታውቃለች። እንጀራዋን ጋግራ ስትጨርስ ከቡሃቃው ግርጌ ጥቂት ሊጥ ታስተርፋለች፤ ላዩ ላይ ብጫ ውሃ ያቅራል። የሚቀጥለው ሊጥ በዚያ እርሾ ይነሣል፤ ከዚያኛውም ለቀጣዩ ይተርፋል። እርሾ ያለቀባት ከጎረቤት ትበደራለች፤ የጎረቤቷንም ትናንት አብራ ይዛ ትመጣለች። ዛሬ በምንቆርሰው እንጀራ ውስጥ ያምናው አለ፣ የአያትም እጅ ሳይኖርበት አይቀርም። እርሾ የሌለው ሊጥ ግን በራሱ እስኪነሣ ቀን ይፈጃል። ተቻኩሎ ምጣድ ላይ ቢወጣም ዐይኑ አይከፈትም፣ አፍለኛ ሆኖ ይቀራል።

ኦሪት ይህ ሰንሰለት በዓመት አንድ ጊዜ እንዲቆረጥ ታዝዛለች፤ ለሰባት ቀን እርሾ ከቤት ይወጣል። ነገሩ ግራ ያጋባል። የትዝታ በዓል ሆኖ ሳለ የሚያዘው ትናንትን ከደጅ እንዲጥሉት ነው። ግን ግብፅን አስቡ። አራት መቶ ዓመት የቆየ ባርነት ሰው ውስጥ ይቦካል። ልጅ ከአባቱ ጎንበስ ማለትን ይወርሳል፤ የነገው ቀን ባለፈው ፍርሃት ይነሣል። እስራኤልም በሙሴ መሪነት ባሕር ተሻግረው፣ በረሃ ገብተው ያለቀሱት ለግብፅ ዓሣና ዱባ፣ ለሽንኩርቱና ለነጭ ሽንኩርቱ ነው። ሰውዬው ወጥቷል፣ እርሾው አልወጣም። ቂጣው ለኔ ከዚህ በኋላ ነው ትርጉም የሚሰጠኝ። ምን እንደተደረገልን ማስታወስ ብቻ አይበቃም፤ ከግብፅ ያመጣነው እርሾ ሳይገባበት ለሰባት ቀን ምን እንደምንመስል መሞከርም አለበት።

ይህን ትእዛዝ አንዳች ሳያጎድሉ ይፈጽሙ የነበሩ ሰዎች ከጋይንት ሩቅ አልነበሩም። የኛው አገር አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል፣ በበለሳ፣ በወገራ፣ በደምቢያ፣ በጭልጋና በስሜን፣ በምሥራቅም በኩል በላስታ ኖረዋል። የረቢዎቹ የሕግ መጽሐፍ ታልሙድ አልደረሳቸውም፤ የያዙት በግእዝ የተጻፈውን ኦሪት ነበር። ኦሪት እርሾ ይውጣ ካለች እርሾ ይወጣል፤ ሐተታው ብዙ አልነበረም። ፋሲካ ሲቃረብ የቤቱ አሮጌ ሸክላ ይሰበራል ወይም ከቤት ይርቃል። ሸክላ ይጠጣል፤ ሊጥ ሲቦካበት የከረመ ቡሃቃ ምን ቢያጥቡት እርሾው ከገላው አይለቅም። ስለዚህ ሴቲቱ ቀደም ብላ አፈር ቆፍራ፣ ነፍታ፣ አቡክታ፣ አዲስ ድስትና አዲስ ምጣድ ሠርታ ትተኩሳለች። ይቺ ሴት በሌላው ጊዜ የክርስቲያኑን ምጣድና ጀበና ሠርታ ገበያ የምታወጣው ራሷ ናት። እንጀራችን ዐይኑን የሚያወጣው በሷ ምጣድ ላይ ነበር፤ እሷ ግን በዓመት አንድ ጊዜ የገዛ ቤቷን ሸክላ ትሰብራለች።

ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት እንጀራና ጠላ ይቆማል፤ ቆሎ ይቆረጠማል። ወተትም ቢሆን ትኩሱ ብቻ ነው፤ እርጎ፣ አይብና ቅቤ የቦካ ነውና አይነካም። የመጀመሪያው ወር በገባ በ14ኛው ቀን ይጾማል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሕዝቡ መስጊዱ ግቢ ይሰበሰባል (የጸሎት ቤታቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው)። ነውር የሌለበት ጠቦት ይቀርባል፣ ቄሱ ይባርካል፣ ይታረዳል፣ ደሙ ይረጫል። ሥጋው በእሳት ተጠብሶ በቂጣ ይበላል፤ የተረፈው እስኪነጋ አይቀመጥም፣ ይቃጠላል። ከዚያ ሰባት ቀን ቂጣ ነው። ዱቄቱ ውሃ እንደነካው ተለውሶ ምጣድ ላይ ይወጣል፤ ቆም ብሎ ወሬ መጠረቅ የለም። ሰባቱ ቀን ሲያልፍ አዲሱ ቡሃቃ ባዶ ነው። ከክርስቲያን ጎረቤት እርሾ መበደር ደግሞ የማይታሰብ ነበር፤ የመንጻት ሕጋቸው አይፈቅድም። ሊጡ በገዛ ራሱ እስኪነሣ መጠበቅና የመጀመሪያውን አፍለኛ እንጀራ ችሎ መብላት ግድ ነው።

በሌላው ዓለም ያሉ አይሁድ ፋሲካን የሚያከብሩት በሌላ መንገድ ነው። የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በ70 እ.ኤ.አ. ከፈረሰ ወዲህ የበጉ መሥዋዕት ቀርቶ በሣህኑ ላይ የሚታየው አንድ አጥንት ብቻ ነው። ማትሳ የሚሉት ቂጣና መራራ ቅጠል ይቀርባል፣ አራት ጽዋ ወይን ይጠጣል፣ ሃጋዳ የሚባለው መጽሐፍ ይነበባል። ትንሹ ልጅ ይህች ሌሊት ለምን እንደተለየች ይጠይቃል፤ ቤተሰቡ እያወጋ ያመሻል። ያማረ ሥርዓት ነው፤ ለስደተኛ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ማን ሊሠራ ይችል ነበር? ቢሆንም በጎንደር ገጠር የነበረው በዓል የተለየ ክብደት እንዳለው ይሰማኛል። በዚያ ነገሩ ከመወራቱ በፊት ይደረጋል፤ ደሙ ደም ነው፣ ጠቦቱ ይጮኻል፣ ልጅ ሳይጠይቅ ያያል። በናብሉስ አጠገብ በገሪዛን ተራራ ከሚያርዱት ሳምራውያን ሌላ ይህን ሲያደርግ የኖረ ማኅበረሰብ ማግኘት ይከብዳል። በ1896 ዓ.ም. ገደማ ዣክ ፋይትሎቪች የሚባል አይሁዳዊ ምሁር መጥቶ ከዓለም አይሁድ ጋር ካገናኛቸው ወዲህ መሥዋዕቱ ለዘመኑ እንደማይስማማ ይነገራቸው ጀመር፤ ቀስ በቀስም ከየመንደሩ ቀረ።

የኦሪት ትዝታ በዚህ አገር የነሱ ብቻ አልነበረም። የድጓ መምህር የሚመሰከርበት የጋይንቱ ደብር ስሙ ቤተልሔም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ዙር አባ የሚወጣው ተማሪ ጽዮንን እያዜመ ያድጋል። ባሕረ ሐሳብ ትንሣኤን ሊያወጣ ሲነሣ የአይሁድን ፋሲካ ሳያሰላ አያልፍም። ታቦት አለን፣ በስምንተኛው ቀን እንገርዛለን፣ ክብረ ነገሥት ደግሞ እስራኤልነትን ከነንግሥናው አምጥቶ ሰጥቶናል። ታዲያ እስራኤል ነኝ የሚለው አገር፣ እኔም ነኝ ያለውን ጎረቤቱን ምን አደረገው? በ15ኛው መቶ ዘመን የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ይፈናቀል ብለው እንዳወጁ በትውፊት ይነገራል። ርስት ያጣ እጁን ይበላል፤ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ከዚያ ደግሞ እጃቸው ነውር ሆነ፤ ቡዳ ተባሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለ፣ ከዐይናቸው የሚከላከል ክታብ በልጅ አንገት ታሰረ። እነሱም በበኩላቸው ከሌላው ጋር አይበሉም፣ ሲነኳቸው ይታጠባሉ፤ ጎረቤት አትንኩኝ አላቸው።

እዚህ ላይ ጉልባኑ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ሐሙስ እስራኤል ከፈርዖን እጅ መውጣቱን በንፍሮ ያሰበ ሰው፣ በሚቀጥለው ገበያ ምጣድ የምትሸጥለትን ሴት ዐይኗን እንዳታይበት ልጁን በነጠላ ይሸፍናል። የኦሪትን ታሪክ የሚወድ ሁሉ ራሱን ከሙሴ ወገን ይቆጥራል፤ ጉልባን እየበላ ፈርዖን ሊሆን እንደሚችል አይታየውም። የኛ አገር ሰው ከዚህ ነጻ ነበር ብሎ የሚከራከር ካለ፣ ዛሬም በጋይንትና በእስቴ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ከማን ጋር እንደሚጋባ ይጠይቅ።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነገሩ ሁሉ ከረረ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የሚስዮን ሰዎች ለንጉሡ መድፍ ያቀልጡ በነበረበት ወራት፣ ሌሎች ሚስዮናውያን ቤተ እስራኤልን ለማጥመቅ በደምቢያ ይዞሩ ነበር። ከለንደን የተላከው ሄንሪ ስተርን ራሱ ከአይሁድ ተወልዶ ክርስትና የገባ ሰው ነው። ክርክሩ ከንጉሡ ፊት ደረሰ፤ በማኅበረሰቡ ውስጥ ጭንቀት ገባ። በ1854 ዓ.ም. ገደማ አባ ማህሪ የሚባሉ መነኩሴ ጊዜው ደርሷል አሉ። ሕዝቡ ቤቱንና ከብቱን ትቶ ተከተላቸው። ኢየሩሳሌም ሊገቡ ነበር። ባሕረ ኤርትራ እንደ ጥንቱ ይከፈልልናል ብለው ነበር። ትግራይ ደረሱ፤ በአክሱም አካባቢ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው። ባሕሩን ሳያዩ አለቁ፤ ከሞት የተረፈው እዚያው ቀረ ወይም እየተንገዳገደ ተመለሰ።

ይህን ጉዞ እንደ የዋህነት የሚያነቡት አሉ። እኔ አይመስለኝም። እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ ወገባቸውን ታጥቀው፣ ቸኩለው የበሉትን ማዕድ የምር ያደረጉ ናቸው። በዓሉ ዛሬ ሌሊት ልትወጡ ትችላላችሁ እያለ ሲያሠለጥናቸው ኖሮ አንድ ሌሊት ወጡ። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ነው። ደምቢያ የተመለሰው ሰው በቀጣዩ ፋሲካ ምን አደረገ? ያንኑ ኦሪት አነበበ፣ ያንኑ ጠቦት አረደ፣ የባሕሩን መከፈል ሰማ። ባሕር የተከፈለለት ሰው ፋሲካን ቢያከብር ምስጋና ነው፣ የሚጠበቅም ነው። ባሕር ያልተከፈለለት፣ በመንገድ ልጁን ቀብሮ የተመለሰው ሲያከብረው ግን ምን እንበለው? እምነት የሚለውን ቃል ለዚህ ብቻ ባስቀምጠው ደስ ይለኝ ነበር።

ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አለፈ። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጋይንትና ስማዳም ተመቱ፤ ጎተራው ባዶ የሆነበት ሁሉ ያለውን ተሸክሞ ወጣ። በዚያው ወራት ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ቤተ እስራኤል በሌሊት እየተጓዙ ወደ ሱዳን ወረዱ። በገዳሪፍ በኩል በኡም ራኩባ ሰፈር ተጠለሉ፤ በመንገድና በድንኳን ያለቁት ወደ 4000 እንደሚደርሱ ይነገራል። ከዚያ በምሥጢር በአውሮፕላን ማውጣቱ ተጀመረ። የመጀመሪያው በረራ ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። የእስራኤል የስለላ ሰዎች ስንክሳር አይተው ቀኑን እንዳልመረጡ ግልጽ ነው፤ ግን ኅዳር 12 በኛ ዘንድ ቅዱስ ሚካኤል እስራኤልን ከግብፅ መርቶ ያወጣበት ተብሎ የሚከበር ቀን ነው። በጋይንት ደብሮች ታቦት በወጣበት ዕለት ካርቱም ላይ የሚጠባበቁ ነበሩ ማለት ነው። ወሬው አፈትልኮ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው በረራው ቆመ፤ እስከዚያ 8000 ገደማ ሰው ተሻግሯል። ከቤተሰቡ ግማሹ የተሻገረ፣ ግማሹ የቀረ ብዙ ነው።

ወደ ሱዳን የሚያወርደው የመተማ መንገድ ለጋይንትና ለስማዳ ልጅም እንግዳ አይደለም። ሰሊጥ ሲደርስ በሶውን ቋጥሮ የሚወርደው በየዓመቱ ነው። በሶም እንግዲህ እርሾ አያውቅም፤ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ የሚጨበጥ የመንገደኛ ስንቅ ነው። የሱ መውጣት ግን መመለስ ያለበት ነው፤ ብሩን ይዞ፣ ወባ ካልያዘው፣ ለጥምቀት ቤቱ ይገኛል። ሁለቱ በአንድ መንገድ ቢሄዱም አንዱ የሚሄደው ቤቱን ሊያቆም፣ ሌላው ቤት ወዳለው ቦታ ሊደርስ ነው።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ከሄዱ ሦስተኛ ቀናቸው፤ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ደጅ ደርሷል። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ ቴል አቪቭ ተጫነ፤ ለብዙ ሰው ቦታ እንዲገኝ የአውሮፕላኖቹ ወንበር ተነቅሎ ነበር። በሰንበት እሳት የማያነዱ፣ ምግብ የማያሞቁ ሰዎች ዓርብ ማታና ቅዳሜ ሰማይ ላይ ነበሩ። ሕይወት ለማዳን ሰንበት ይሻራል። ሲወጡ ደግሞ ሻንጣ አልነበራቸውም። ፋሲካ ከነቃሉ ተፈጸመ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ነው አስቸጋሪው። ለመውጣት የተሠራ በዓል፣ ከወጡ በኋላ ምን ይሆናል? በእስራኤል ማትሳ ከፋብሪካ ይመጣል፤ ዱቄቱ ውሃ ከነካው በ18 ደቂቃ ውስጥ እንዲጋገር የረቢዎች ሕግ ያዝዛል። በእጅ ቂጣ ስትጋግር የኖረች እናት ያሁኑን ቂጣ ከሱፐርማርኬት በካርቶን ትገዛለች። ኦሪቱን በግእዝ ያነቡላት የነበሩት ቄስ ጋብቻ የማስፈጸም ሥልጣን እንደሌላቸው ተነገራት፤ ልጆቿ አይሁድነታቸው ያጠራጥራልና በውሃ ይጠመቁ ተባሉ። ቀደም ብለው በሱዳን በኩል የገቡት በ1978 ዓ.ም. መስከረም ላይ በኢየሩሳሌም ከዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው የተቃወሙት ለዚህ ነው። ከቴዎድሮስ ዘመን ሚስዮን ጥምቀት ሸሽተው ባሕር የፈለጉት ሰዎች ልጆች፣ ተስፋይቱ ምድር ላይ ደግሞ ሌላ መጠመቂያ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ስግድ የሚሉት በዓላቸው በ2000 ዓ.ም. በሕግ የአገር በዓል ሆኖላቸዋል፤ ይህን ማለት ተገቢ ነው።

በጎንደር ከተማ ደግሞ የቀሩ አሉ። አያቶቻቸው በግድም በችግርም ክርስትና የገቡ፣ ከ1983 በኋላ መንደራቸውን ትተው የተሰበሰቡ ቤተሰቦች ናቸው። ፈላሽ ሙራ የሚላቸው አለ፤ እነሱ ስሙን አይወዱትም። የኪራይ ቤት ውስጥ ተራ ሲጠብቁ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ጥቂት አይደሉም። በየዓመቱ በግቢያቸው ቂጣ ተጋግሮ ፋሲካ ይከበራል፤ አሁን ሃጋዳ አለ፣ ጽዋ አለ፣ ልጅም ይጠይቃል።

የጥድፊያው በዓል ለነዚህ ሰዎች የተሠራ አይመስልም። ግን ጥድፊያ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ያሳዩኝ እነሱ ናቸው። ሰው የሚቸኩለው በሩ ሲከፈት ነው፤ በሩ የተዘጋበት ጊዜ ሞልቶታል፣ ሊጡም እንዳሻው ይቦካል። ፈርዖን ቤት ሳሉ እስራኤል እንጀራቸውን ተረጋግተው ያቦኩ ነበር። ሊጥ ለማቡካት ጊዜ ያጡት የወጡ ዕለት ብቻ ነው። ጎንደር ላይ የተወለደው ልጅ በፋሲካ ሌሊት የሚጠይቀውን ይጠይቃል፤ አባትየው እንዳጠናው ይመልሳል። ልጁ ሁለተኛ ጥያቄ አለው፤ ሃጋዳው ውስጥ የለም። አጎቱ ከተሻገረ ዓመታት አልፈዋል፤ እናቱ ስሟ ወጥቷል፣ እሱ ግን ዐሥራ ስምንት ስለሞላው ሌላ ቅጽ ይሙላ ተብሏል። ቅጹን የት እንደሚያስገባ ነው የሚጠይቀው።